የድሮውን ኮሜዲ ደግሜ አየሁት፣ አልሳቅኩም። እኔ ነኝ ወይስ ቀልዱ?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም ነው የሰሜን ሸዋ ሰው? አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል፣ እዚህ ላራግፈው።

ባለፈው ሳምንት እማዬን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ አልነግራችሁም። ማታ እሷም እኔም ባና ተከናንበን ምድጃ ዳር ቁጭ ብለናል። ስልኬን ስጎረጉር አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ የጫነው የድሮ የበዓል ኮሜዲ አገኘሁ። ልጅ ሆኜ በዚህ ቀልድ መሬት ላይ ተንከባልያለሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት እሱኑ ስንደጋግም መምህሩ ሳይቀር ይስቅ ነበር። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት።

አልሳቅኩም።

አንዱ ሰክሮ ይንገዳገዳል። ሌላው ከገጠር የመጣ ሆኖ ለዜና አንባቢው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። በቃ ይሄው ነው። እማዬ ግን ቀልዱ ሳይመጣ ነው የምትስቀው። "ቆይ፣ አሁን ጎንበስ ሊል ነው" ትለኛለች። ሰውየው ጎንበስ ይላል። እሷ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔ እሷን እያየሁ ፈገግ ከማለት በቀር ምንም አልመጣልኝም።

እና ጥያቄዬ፦ ድሮ ነገሩ ራሱ ጥሩ ነበር ወይስ ሌላ ስላልነበረን ነው? ያኔ አንድ ጣቢያ ነበር ያለን። የራበው ሰው ሽሮው ቅቤ አለው የለውም ብሎ አይጠይቅም። አትቆጡኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ቆሎ በደብረ ሲና፦

ወይ አንተ ልጅ፣ ዛሬ አለቀልህ። እኔ ቆሎዬን ይዤ ዳር ሆኜ አያለሁ።

መንዜው፦

እኔ ልንገርህ? እኔ ያኔም አልሳቅኩም።

ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው። ሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ነጋዴ ቤት ነው። በዓል ሲሆን ሃያ ሰላሳ ልጅ መሬት ላይ ተደርድረን እናያለን፣ ትልልቆቹ ከኋላ ይቆማሉ። ታዲያ የኮሜዲው ባላገር ሁልጊዜ እኛን ነው የሚመስለው። ጋቢው የአባቴ፣ ዱላው የአባቴ፣ አነጋገሩ የአያቴ። ከተማ ይገባል፣ ይሸወዳል፣ አምፖል እፍ ብሎ ሊያጠፋ ይሞክራል። ይሳቅበታል። እኔ በንዴት ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። አባቴ ከሁሉም በላይ እየሳቀ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ "ሞኝ አደረጉን እኮ" አልኩት። "እኔን? እኔ አምፖል እፍ አልልም። እፍ የሚል ግን አንድ የማውቀው ሰው አለ" አለኝ።

ስለዚህ "የድሮ ኮሜዲ" ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተቱት። ደረጀና ሀብቴ ሲመጡ ሌላ ነገር ነበር። ባላገርም ሆኑ ከተሜ፣ የሚያስቁት ሁለቱ እርስ በርስ ሲናበቡ ነው። ልመነህና አለባቸውም እንደዛው። እነሱን አሁንም ብከፍታቸው እስቃለሁ። ዱላ አስይዞ አፍ ማጣመም ግን ያኔም ቀልድ አልነበረም።

ዲሽ ተካይ፦

ምርጫ ስላልነበረን ነው ላልከው፦ እኔ ዲሽ ተክዬ ነው የምበላው። አንድ ደንበኛ ጋ ሁለት መቶ ጣቢያ ሞልቼ፣ በቅደም ተከተል አሰልፌ፣ ሪሞቱን አስረድቼ እሄዳለሁ። በወሩ ስመለስ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ነክቶትም አያውቅ። ምርጫ ምርጫ የምትሉት ነገር ለኔ ብዙም አይገባኝም።

የ50ዎቹ ልጅ፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጣለሁና ትንሽ ታገሱኝ። በስልክ መጻፍም ይዘገየኛል።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ነው። ለኔና ለጓደኞቼ ግን ለብዙ ዘመን ቴሌቪዥን ማለት የሰው ቤት መስኮት ነበር። በ1977 ባለቀለም ሆነ ተባለ። ጎረቤታችን ያለው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የተለወጠ ነገር አላየንም። የባለቤቱ ልጅ ግን "የዘፋኟ ቀሚስ እኮ ቀይ ነው" እያለ ይነግረን ነበር። ከየት እንዳወቀ እንጃ። ሁላችንም አምነነዋል። እስከዛሬ ያቺን ዘፋኝ ሳስባት በቀይ ቀሚስ ነው የምትታየኝ።

አባባ ተስፋዬ 42 ዓመት ልጆችን ሲያጫውቱ ኖረዋል። እኔም አይቻቸዋለሁ፣ የወለድኳቸውም አይተዋቸዋል። "የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉን በቁም ነገር ነበር የምንቀበለው፤ ፍሬ መሆናችን ነው ብለን። ምን ነበራቸው? ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው፣ አንበሳ፣ ጦጣ፣ ጅብ። ጅቡም አይታይም፣ በአፋቸው ነው። በ2009 ክረምት ሲያርፉ የልጅ ልጄ "እሳቸው ማን ናቸው?" አለችኝ። ከተረቶቻቸው አንዱን ነገርኳት። "እንደገና" አለችኝ።

አንተ የጠባሴ ልጅ፣ አንድ ሥራ ልስጥህ። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ያነበበውን ፈልገህ ስማ። እኛ ቤት ሰዓቱ ሲደርስ ከውጭ የገባ ሰው ሰላምታ የሚሰጠው በእጁ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤቱ ያውቀው ነበር። ከሰው ተጣልቶ ሲመጣ "ጉዱ ካሣ ቢሰማ ምን ይል ነበር" ይላል። እሱን ሰምተህ "አልነካኝም" ካልክ ያኔ አምንሃለሁ።

የጠባሴ ልጅ፦

እትዬ፣ እሺ። ዛሬ ማታ እሰማለሁ። ሰምቼ የመሰለኝን ብናገር ግን አይቆጡኝም?

የ50ዎቹ ልጅ፦

እቆጣለሁ። ግን ስማ።

ሮቢት ሙቀቱ፦

እትዬ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኛ ሸዋ ሮቢቶች ደግሞ የተማርነው ቪዲዮ ቤት ነው።

ቆርቆሮ ቤት። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል። ውጪው ሙቀት፣ ውስጡ እሳት። ስልሳ ሰው በአግዳሚ ወንበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለህ ሁለት ፊልም ነው፤ መጀመሪያ ህንድ፣ ቀጥሎ ቫን ዳም። ህንዱ ሦስት ሰዓት ስለሚፈጅ ባለቤቱ ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ሊያሳልፈው ይሞክራል። ያኔ ቤቱ ይናጋል። "ዘፈኑን! ዘፈኑን መልስ!"

ተርጓሚም ነበረን። ህንድኛ አያውቅም። እንግሊዝኛውም ከኛ አይሻልም። ፊልሙን ግን አስራ አምስት ጊዜ አይቶታል። አሚታብ ባችቻን እናቱን አቅፎ ሲያለቅስ "እማ፣ ሽንኩርቱን ሽጬ ጳውሎስ ሆስፒታል አሳክምሻለሁ ነው የሚላት" ይለናል። ሰው ከልቡ ያለቅሳል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ፊልም ከነጽሑፉ አየሁት። ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም። እናትየዋም አልታመመችም። እውነቱን ልናገር? የኛው ይሻል ነበር።

ለዚህ ነው ቃና በ2008 መጥቶ ቱርኮቹን በአማርኛ ሲያናግር፣ አገሩ ሁሉ ሲሟገት እኔ ያልገረመኝ። የሮቢት ልጅ ሥራውን ቀድሞ ጀምሮት ነበር። ያውም ያለ ደሞዝ፣ ለነጻ መግቢያ።

ገና ነኝ፦

እኔ የተወለድኩት በ1995 ነው። እኔም ትዝታ አለኝ ብል ትስቁብኛላችሁ?

ቆሎ በደብረ ሲና፦

እንስቃለን። ቀጥል።

ገና ነኝ፦

የኔ አባባ ተስፋዬ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ነበር። ቀጭኔዋ። ካልሲ ላይ ቁልፍ ሰፍቼ እንደ እሷ አናግር ነበር፣ እናቴ ካልሲውን ፈልጋ እስክታጣው ድረስ።

ትልቁ ግን "ሰው ለሰው" ነው። ስምንት ዓመቴ ነው፣ አይገባኝም፣ ግን ማንም ስለማይተኛ እኔም አልተኛም። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ብቅ ሲል እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ይሄ ሰው ምን ሊያመጣብን ነው ደግሞ!" ትላለች። አባቴ "ዝም በይ፣ ይሰማሻል" ይላታል። በማግስቱ ሱቅ፣ ታክሲ፣ ወፍጮ ቤት፣ ወሬው ሌላ የለም። አሁን እረኛው ሳይቀር የየራሱን በየስልኩ ነው የሚያየው። ሰው "ምን ደረሰ?" ብሎ አይጠይቅም፣ "ስንተኛው ክፍል ላይ ነህ?" ነው የሚለው። እና ለመንገር ያስፈራል፣ ያላየ ይኖራል።

የ50ዎቹ ልጅ፦

አስናቀን እኔም ረግሜዋለሁ ልጄ። ተዋናዩን ስንት ዘመን በመድረክ እያየሁ አድንቄ፣ በዚያ ዓመት ግን መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም የምለው አይመስለኝም ነበር።

የአንኮበር መንገደኛ፦

ስለ ዘፈን ማንም አላነሳም እኮ። ጉድ ነው።

የኔ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የደሴ መንገድ አውቶቡስ ነው። ሹፌሩ ካሴቶቹን መሪው ፊት ይደረድራል። ረዳቱ እንኳ አይነካቸውም። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትሩን ሞቅ ያለ ነገር ይጫወታል። ጣርማ በር አካባቢ ጉሙ ሲመጣ ግን እጁን ወደ ካሴቶቹ ይሰዳል። ትዝታ። ሁልጊዜ ትዝታ። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ወሬው ሁሉ ይቆማል፣ በዛወርቅ አስፋው ብቻዋን ትቀራለች። ድምፅዋ ከቴፑ ሳይሆን ከተራራው የሚወጣ ነው የሚመስልህ። ከዋሻው ብቅ ስትል ቆላው ከእግርህ ስር ተዘርግቷል። እኔ በሕይወቴ ያን የመሰለ ኮንሰርት አላየሁም።

ሬዲዮ ቢሆን እዚያች ዋሻ ውስጥ ትን ይለዋል። ዛሬም የምታዳምጡት በኢንተርኔት ከሆነ ኔትወርኩ ሲጠፋ ዘፋኙም አብሮ ይጠፋል። ካሴት ግን ዋሻም አይፈራ።

ደብረ ሲና ስንቆም ደግሞ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በመስኮት ስር ይዞራል። አንዴ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴትዮ እንዲህ አላት፦

ጣርማ በር ላይ ሆኜ ባየው ወደ ቆላ፣
አንቺን የመሰለ አላየሁም ሌላ።

ሴትዮዋ ቆሎ ልትገዛበት የያዘችውን ብር ሰጠችው።

ቆሎ በደብረ ሲና፦

የኛን ኪሳራ እንዲህ በአደባባይ ማውራት ተገቢ አይደለም።

ካሴት ቤት፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን የኔ ነገር ተነሳ። አስራ ሁለት ዓመት ደብረ ብርሃን ካሴት ሸጫለሁ። ትንሽ ሱቅ፣ በር ላይ ትልቅ ስፒከር፣ ጎረቤት ሁሉ ጠላቴ።

አንደኛ፣ "ድሮ ሁሉም የራሱ ነበረው፣ አሁን ሁሉም ዘፈን አንድ ነው" የምትሉትን ተዉት። ዘፋኙ አዎ፣ የራሱ ድምፅ ነበረው። ሙዚቃውስ? የ1970ዎቹን ካሴቶች ሽፋን አውጡና አንብቡ። ሮሃ ባንድ። ቀጥሎ ሮሃ ባንድ። ኤፍሬም ታምሩን ያጀበው ሮሃ፣ መሐሙድ አህመድን ያጀበው ሮሃ። ያው ጊታር፣ ያው ኪቦርድ ነው። እኛ ግን በትዝታችን ለእያንዳንዱ የየራሱን ባንድ ሰጥተነዋል። ዛሬ አንድ አቀናባሪ አስር አልበም ሲሠራ "ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነ" ብለን እንጮሃለን። ሮሃዎች መጥፎ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ እጃቸው ይባረክ። ሚዛናችን ትክክል አይደለም ነው የምለው።

ግጥሙ ላይ ግን ድሮ ይበልጣል፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። በደርግ ጊዜ ግጥም በሳንሱር ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ነገሩን በሰምና ወርቅ መደበቅ ግድ ነበር። ደንበኛ ሱቄ ቆሞ አንዱን ስንኝ አስር ጊዜ ያስመልሰኛል። "እዚህ ጋ እኮ እገሌን ነው" ይለኛል በሹክሹክታ። ሌላው ይመጣና ለዚያችው ስንኝ ሌላ ወርቅ ያወጣላታል። ግማሹን ገጣሚው ራሱ አላሰበውም ብዬ እገምታለሁ። ግን ሰው ዘፈን እንደ ቅኔ ይፈታ ነበር። አሁን ማን ይፈታል? የሚፈታ ነገርስ ማን ያስቀምጣል?

ደግሞ እንተዛዘብ። የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ማን ፈለጋቸው? በ1961 የጀመረው ሰው፣ ያን ሁሉ ወርቅ የቀረጸ። እኛ ካሴት መጣ ብለን ሸክላውን ለልጆች መጫወቻ ሰጠን። በ1990 ገደማ ፈረንሳዮች "ኢትዮፒክስ" ብለው በሲዲ ሲያወጡት ነው "ለካ የኛ ነው" ያልነው። እኔ ራሴ ሱቄ ጓዳ የነበሩ ሁለት ካርቶን ሸክላዎች የት እንደገቡ አላውቅም። ይሄን ስጽፍ ያመኛል።

ሁለተኛ፣ ካሴት ላላቸው ሰዎች። የ60 ደቂቃው ካሴት ክሩ ወፍራም ነው፣ ዕድሜ አለው። የ90ው ቀጭን ስለሆነ ቴፕ ቶሎ ይበላዋል። የምትወዱትን ካሴት ጀርባውን እዩ፣ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ከተሰበረ ማንም ላዩ ላይ መቅዳት አይችልም። ካልተሰበረ አንድ ቀን የቤት ልጅ ተነስቶ የራሱን ፉጨት ይቀዳበታል። ጥርሱ ተሰብሮም ቢሆን ቀዳዳውን በወረቀት ወይም በፕላስተር የሚደፍኑ አሉ። ይሄን ሰይጣን ነው ያስተማራቸው።

የአጣዬዋ፦

ካሴት ቤት፣ ከእርስዎ ጋር ልከራከር። ሚዛናችን ልክ አይደለም ላሉት።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው በ2001 በፋሲካ ቀን ነው። እኛ ቤት ወሬው ሲደርስ ዶሮው ገና አላለቀም። ጎረቤቶች አንድ በአንድ መጡ፣ ጠላ የያዘ አለ፣ ዳቦ የያዘ አለ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጆሮው የሚከብደው አያቴ "ማን ሞቶብን ነው?" ሲል ሳቅን። ከዚያ እናቴ "ጥላሁን" አለችው። አያቴ ምንም አላለም፣ ባርኔጣውን አወለቀ። መስቀል አደባባይ ያን ሁሉ ሕዝብ በቴሌቪዥን ስናይ እኛም እዚያ ያለን ነው የመሰለን። የዛሬ ዘፋኝ ስንት ሚሊዮን እይታ አለው ይሉኛል። ይሁን። ባርኔጣ የሚያስወልቀው የቱ ነው?

ገና ነኝ፦

እዮብ መኮንን። ነሐሴ 2005። ታላቅ ወንድሜ ሦስት ቀን ማንንም አላናገረም። ባርኔጣ ስለሌለው ነው እንጂ ያወልቅ ነበር።

የአጣዬዋ፦

እሺ፣ ይሄን ሰጠሁሽ።

ገና ነኝ፦

ወንድ ነኝ።

የአጣዬዋ፦

እሺ፣ ሰጠሁህ።

የጠባሴ ልጅ፦

ተመልሻለሁ። ሁለት ነገር ልናገር።

እትዬ፣ ወጋየሁን ሰማሁት። አንድ ክፍል ብዬ ጀምሬ ሽንኩርቴ ድስት ላይ አረረ። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ሌላ ሰው ነው፣ ሰብለን ሲሆን ሌላ፣ ግን ድምፁን እንደ ልጅ አያቀጥንም። እንዴት እንደሚያደርገው አላውቅም። መጽሐፉን ትምህርት ቤት ለፈተና አንብቤው ነበር፣ ለካ አላነበብኩትም። ተረታሁ።

ሁለተኛው ግን ይብሳል። ለእማዬ ደወልኩላት። "እማ፣ እስቲ ያ ኮሜዲ ምኑ ነው የሚያስቅሽ?" አልኳት። መጀመሪያ "ተወኝ" አለች። አጥብቄ ስይዛት ነገረችኝ።

አንቴናችን ባህር ዛፍ ጫፍ ላይ የታሰረ ነበር። ነፋስ ሲመታው ስክሪኑ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። በዚያ የበዓል ማታ አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አጥሩ ላይ ወጥቶ ግንዱን ያዞራል፣ "መጣ?" ይላል። እማዬ በር ላይ ቆማ "አልመጣም! ትንሽ ወደ ግራ!" ትላለች። እኛ ልጆቹ ውስጥ ነን። ልክ ሰውየው ለዜና አንባቢው ጎንበስ ሲል ምስሉ ኩልል ብሎ መጣ። "መጣ! መጣ!" ብላ ብትዞር አባዬ የለም። ከነአዲሱ የበዓል ሱሪው ኩበት ቁልል ላይ ነው። እኛ በቀልዱ እየተንከባለልን ስንስቅ እሱ ውጪ ኩበቱን ከጸጉሩ ያራግፋል። "ለልጆቹ ትነግሪና!" ብሎ አስማላት። ሰላሳ ዓመት ይዛዋለች።

"ቆይ፣ አሁን ጎንበስ ሊል ነው" ስትለኝ ሰውየውን አልነበረም የምትጠብቀው።

ትናንት ደግሜ ከፈትኩት። ጎንበስ ሲል ብቻዬን ቤቴ ውስጥ እንደ እብድ ሳቅኩ። ጎረቤት በር አንኳኳ።

ሮቢት ሙቀቱ፦

ይሄ ከፊልሙ ይበልጣል። ተርጓሚያችን ቢሰማው ሽንኩርት ይጨምርበት ነበር።

ዲሽ ተካይ፦

እኔም ወድቄ አውቃለሁ። ምስሉ የሚጠራው ልክ ስትወድቅ ነው፣ ይሄ የሙያ ምስጢር ነው።

መንዜው፦

አባትህን ነፍስ ይማር። ካሴት ቤት፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ።

እህቴ በ1989 ቤሩት ሄደች። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እህቴ ደብዳቤ አትልክም፣ ካሴት ትልክ ነበር። ባዶ ካሴት ሳታገኝ ይሁን ብር ስትቆጥብ፣ ከዚህ ይዛው የሄደችው የዘፈን ካሴት ላይ ነው ድምፅዋን የቀዳችው። ያው እርስዎ እንዳሉት ቀዳዳውን በወረቀት ደፍና። ሰይጣን ነው ያስተማራት ማለት ነው። ዘፈኑ ትንሽ ይሄድና ቋ ይላል፣ ከዚያ "እንደምን አላችሁ፣ እማ እንደምን ነሽ" ትላለች። እናቴ ቴፑን እያየች "ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። "በጎቹስ ወለዱ?" ይላል ካሴቱ። "ሁለቱ ወልደዋል" ትላለች እናቴ። እህቴም ልክ መልስ እንደምትሰማ ሰው ትንሽ ቆም እያለች ነው የምታወራው። የሰፈር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሚሰማው፣ ከማንኛውም ድራማ በላይ።

አሁን እህቴ ደህና ናት፣ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ ግን አርጅታለች። ስልኩን አይታ "ይቺ ደህና ናት። ያቺን አምጡልኝ" ትለኛለች። ያቺን ማለት የካሴቷን። ካሴቱ አለ። ቴፑ ግን ድምፁን እየጎተተ እህቴን ወንድ አደረጋት። እናቴ ደንግጣ "አጥፋው" አለችኝ። ካሴቱ ተበላሽቷል ማለት ነው?

ካሴት ቤት፦

አይዞህ ወንድሜ፣ የሚጎትት ከሆነ ካሴቱ ሳይሆን ቴፑ ነው። ቺንጋው ላልቷል። ላስቲክ ነው፣ በዘመን ብዛት ይለጠጣል፣ አንዳንዴም እንደ ማር ይቀልጣል። መፍቻ ይዘህ ከኋላ ስትከፍተው ሞተሩንና ጎማውን የሚያያይዝ ቀጭን ቀለበት ታያለህ። እሱ ነው። ክሩን የሚጎትተውን ትንሽ ጎማና ጭንቅላቱን ደግሞ ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረግ። ከሁሉም በፊት ግን ካሴቱን አታጫውት! ቀጥ ያለ እስክሪብቶ አስገብተህ በእጅህ ሙሉውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አጠንጥነው። ለዓመታት የተኛ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል።

ቺንጋ ከፈለግክ እኔ ጋ ከድሮ የቀሩ አሉ። ደብረ ብርሃን ስትወጣ ቴፑን ይዘህ ና። ሂሳብ የለውም።

መንዜው፦

ቅዳሜ እመጣለሁ። በግ ይዤ ነው የምመጣው፣ ሂሳብ የለውም የሚባል ነገር የለም።

ካሴት ቤት፦

በግ አልቀበልም። እንቁላል ከሆነ እንነጋገራለን።

መንዜው፦

(ከሳምንት በኋላ)

ሠራ። ቺንጋው ተቀየረ፣ ጎማው ተጠረገ። ትናንት ማታ ለእናቴ ከፈትኩላት። ዘፈኑ ትንሽ ሄደ፣ ቋ አለ። "እማ እንደምን ነሽ" አለች። እናቴ ቀና ብላ "ደህና ነኝ ልጄ" አለቻት። በጎቹን ስትጠይቃት "በጎቹንማ ሸጥናቸው እኮ፣ አልነገሩሽም?" አለቻት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ "መልሱን ቅዱልኝ" ብላ ይዛኛለች።

ካሴት ቤት፦

መልሱን በሌላ ካሴት ቅዳላት። የዚያን ግን ወረቀቱን አሁኑኑ ንቀል።